የፍለጋ ሳጥን ብቻውን አይበቃም

ደብረ ብርሃን ሆናችሁ ለሱቅ ወይም ለመሥሪያ ቤት ድረ ገጽ የምትሠሩ ወጣቶች፣ እባካችሁ ማውጫውን፣ ማለትም የምድቦቹን ዝርዝር፣ አጥፍታችሁ ሁሉን በፍለጋ ሳጥኑ ላይ አትጣሉት። ፍለጋ የሚጠቅመው የሚፈልገውን ነገር ስም ለሚያውቅ ሰው ነው። ባና የሚባለውን የመንዝ የሱፍ ልብስ በስም የማያውቅ ገዢ ምን ብሎ ይጽፋል? «የሱፍ ልብሶች» የሚል ምድብ ካየ ግን ራሱ ይደርስበታል።

በአማርኛ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። አንዱ «ደብረ ብርሃን»፣ ሌላው «ደብረ ብርሀን»፣ ሦስተኛው ሁለቱን ቃላት አያይዞ «ደብረብርሃን» ብሎ ይጽፋል፤ ለኮምፒውተር ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘራቸው (ሑን ወደ ሁ፣ ሡን ወደ ሱ እያላችሁ) ለውጡ፤ ሀ እና ሃን፣ አ እና ኣንም አንድ አድርጉ። በቃላት መካከል ያለውን ክፍተትም አትቁጠሩት። ይህን ሁሉ በተጠቃሚው ጽሑፍ ላይ ብቻ ሳይሆን የዕቃዎቹ ስም በተቀመጠበት የመረጃ ቋትም ላይ አድርጉት፤ አለበለዚያ ሁለቱ አይገናኙም። ከሁሉም በላይ ይህን አደራ እላለሁ።

ውጤት ሲጠፋ «አልተገኘም» ብላችሁ በሩን አትዝጉበት፤ ዋና ዋና ምድቦቹን እዚያው አሳዩት። ሰዎች ጽፈው ያጧቸውን ቃላትም መዝግቡ፤ ለማውጫችሁ የሚስማማውን ስም ከእነርሱ ታገኛላችሁ።