ካርዱን ተዉትና ልጁን ራሱን ፈትኑት

ሰሚስተር ሲያልቅ ኮዬ ፈጬ ውስጥ ወላጅ ከወላጅ ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው «ስንተኛ ወጣ?» ብሎ ነው። ካርዱ ላይ 4ኛ ከተጻፈ አለቀ፣ ደስታ ነው። ግን ከእነማን ነው 4ኛ የወጣው? ክፍሉ በሙሉ ደካማ ከሆነ 4ኛውም ደካማ ነው።

የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን የጀመሩት በ2014 ዓ.ም. ፈተና ነው። ኩረጃው ሲጠብ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። የቀሩት በሙሉ እንግዲህ በየዓመቱ «ተዛውሯል» እየተባለ ካርዳቸው ላይ ተጽፎላቸው 12ኛ የደረሱ ልጆች ናቸው። ስለዚህ እስከዚያ አትጠብቁ፣ ዛሬ ማታ ጀምሩ።

መጀመሪያ የፈተና ወረቀቱን አስመጡት። ሁሉም ምርጫ ከሆነ ውጤቱን በጥርጣሬ እዩት። አራት አማራጭ ባለው ፈተና ምንም የማያውቅ ልጅ በግምት ብቻ ከ100 25 ያህል ያገኛል። 50 ያመጣው ደግሞ አንድ ሦስተኛውን አውቆ ሌላውን እየገመተ ያከበበ ሊሆን ይችላል። (መምህሩ ላይ ግን አትፍረዱ፤ በተጨናነቀ ክፍል የስንቱን ልጅ የጽሑፍ መልስ አርሞ ይጨርሳል?)

አሁን አማራጮቹን ሸፍኑና ያንኑ ጥያቄ በቃሉ ይመልስ። «ሀ ነው» ማለት ሲከለከል ዝም የሚል ልጅ ሸምድዶ ነው ያለፈው።

ሂሳብ ላይ ክፍልፋይን የመሰለ መፈተኛ የለም። ግማሽ ኪሎ ቡናና ሩብ ኪሎ ቡና አንድ ላይ ስንት ነው በሉት፤ ሱቅ ሲላላክ ያደገ ልጅ ስለሆነ ሦስት ሩብ ይላችኋል። ከዚያ 1/2 + 1/4 ብላችሁ ጻፉለት። 2/6 ካለ የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ደምሮ ነው፣ ቁጥሩ ምን እንደሆነ አልገባውም ማለት ነው። አትቆጡት። «2/6 እኮ ከግማሽ ያንሳል፣ ቡና ጨምረን እንዴት አነሰ?» ብላችሁ ጠይቁትና ራሱ ሲያስብ ጠብቁት።

ንባብም እንደዚሁ። ከሳይንስ መጽሐፉ አንድ አንቀጽ ያንብብ፣ መጽሐፉን ይዝጋና በራሱ አማርኛ ያስረዳችሁ። ትርጉሙን እንደ መዝሙር የሚወርደው ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ያኔ ችግሩ እጥፍ ይሆናል።

ክፍተቱ ሲገኝ ወደ ኋላ መመለስ ነው። 7ኛ ክፍል ሆኖ ክፍልፋይ ካልገባው የ5ኛ ክፍል መጽሐፍ አውጡ። ይሄ ለልጅ ያሳፍራል፣ ስለዚህ ታናሹን እንዲያስጠና አድርጉት፤ ክብሩም አይነካ፣ እሱም ሳያውቀው ይማራል። ከከተማ በታክሲ ሰልፍ ተሰላችታችሁ ማታ ስትገቡ ሁለት ሰዓት ማስጠናት እንደማትችሉ አውቃለሁ፣ ሃያ ደቂቃ ግን በየቀኑ ከተደረገ ይበቃል። አስጠኚ የምትቀጥሩ ከሆነም የቤት ሥራውን እንዳይሠራለት አስቀድማችሁ ንገሩት። ብዙዎቹ የሚያደርጉት እሱን ነው፣ ወላጅም ደብተሩ ትክክል በትክክል ሆኖ ሲያይ ገንዘቡ የሠራ ይመስለዋል።

የ6ኛና የ8ኛ ክፍል የከተማ ፈተና ሲቃረብ መደበኛ ትምህርቱን ገታ አድርጎ ያለፉ ዓመታት ጥያቄ ብቻ የሚያሠራ ትምህርት ቤት አለ። የእናንተም እንዲህ ካደረገ የወላጅ ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ከመጽሐፉ ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ናችሁ? ያልተነካውን ምዕራፍ ቤት ውስጥ እናንተ አስጀምሩት። የድሮ ጥያቄዎቹን ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት አቆዩዋቸው፣ ያኔም ሰዓት ይዛችሁ፣ የተሳሳተውን እያንዳንዱን ለምን እንደተሳሳተ እሱ ራሱ እያስረዳችሁ ይሥራ።