ለአሮጌ መኪና አሎይ ቸርኬ ዳዶና ብሎን ሲፈለግ የሚሠሩ ስህተቶች

ቮልስ፣ ላዳ፣ ዲኤክስ ኮሮላ ወይም የድሮ መርሴዲስ ያለው ሰው መኪናውን ለማሳመር ሲነሳ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ቸርኬው ላይ ነው። የብረቱን አውጥቶ ከአሉሚኒየም የተሠራውን አሎይ ያስገባል። መኪናውም ያምርበታል። ነገር ግን ያገለገለ አሎይ ሲሸጥ ዳዶው ወይም ብሎኑ አብሮ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። ከዚያ "ያለውን እናድርግበት" ይባላል። ይህ አባባል ያስፈራኛል። ጎማውን መኪናው ላይ የሚያቆየው እኮ አራት ወይም አምስት ብሎን ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። የዳዶውን ጥርስ የሚወስነው መኪናው ነው። ዳዶው ቸርኬው ላይ የሚያርፍበትን ቅርጽ የሚወስነው ደግሞ ቸርኬው ነው። ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ የመኪናውን ስም ብቻ መናገር አይበቃም። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ጠይቆ ከመግዛት ነው።

"ገባ" ብሎ መግዛት

ቶዮታ፣ ሆንዳ፣ ማዝዳና ሚትሱቢሺ በአብዛኛው የሚጠቀሙት 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5 ሚሊሜትር የሚርቅ ብሎን ነው። ኒሳን፣ ሱዙኪና ላዳም ውፍረቱ 12 ነው፤ የጥርሱ ርቀት ግን 1.25 ነው። በዓይን ሲታዩ ያው ናቸው። የ1.5 ዳዶ 1.25 ብሎን ላይ ሁለት ሦስት ዙር ይሄዳል፣ ከዚያ ይያዛል። እዚያ ላይ በረጅም ቱቦ ወይም በአየር መፍቻ የተገፋ እንደሆነ ጥርሱ ተቆርጦ ይገባል። ከውጭ ሲታይ የጠበቀ ይመስላል።

ከዚህ የባሰው የኢንች ነው። ብዙ የአሜሪካ መኪኖችና እንደ ኤምጂቢ ያሉ የእንግሊዝ መኪኖች የግማሽ ኢንች ብሎን አላቸው። ይህ 12.7 ሚሊሜትር ነው፤ የጥርሱ ርቀት 1.27 አካባቢ ነው። ይህ ዳዶ 12 በ1.25 ብሎን ላይ ያለምንም ችግር ይገባል። ሲጠብቅም የያዘ ይመስላል፤ የያዘው ግን የጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ነው። ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ "የጎማ ዳዶ አምጣልኝ" የምትሉ ሰዎች ቁጥሩን ሙሉ በሙሉ ጽፋችሁ ላኩለት። "አስራ ሁለት" ብቻ አትበሉ። የድሮዋ ሚኒ ደግሞ ለብቻዋ ናት፤ የእሷ 3/8 ኢንች ነው፣ 9.5 ሚሊሜትር ያህል።

ልኩን ለማወቅ ውፍረቱን በካሊፐር፣ ጥርሱን በጥርስ መለኪያ ለኩ። ትክክለኛ ዳዶ ንጹሕ ብሎን ላይ በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ጣት ካቃተው ቁልፍ አታንሱ።

የመቀመጫውን ቅርጽ አለማየት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ጥርሱ ልክ ከሆነ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል።

ሦስት ዓይነት መቀመጫ አለ። አንደኛው ሾጣጣ ነው፤ ማዕዘኑ በአብዛኛው 60 ዲግሪ ነው። ሁለተኛው እንደ ኳስ የከበበ ነው። ሦስተኛው ጠፍጣፋ ነው፤ ከሥሩ ቱቦ የመሰለ አንገት አለው፣ ሮንዴላም አብሮት ይመጣል። ቮልስና የድሮ መርሴዲስ ከፋብሪካ ሲወጡ የኳስ መቀመጫ ነበራቸው። የቶዮታ ፋብሪካ የድሮ አሎይ በአብዛኛው ባለ አንገቱን ይፈልጋል። ሌሎች አምራቾች ለገበያ የሠሯቸው አሎዮች ደግሞ አብዛኞቹ ሾጣጣ ናቸው።

እንግዲህ የቮልስ ባለቤት ሾጣጣ ቀዳዳ ያለው አሎይ ገዝቶ በፋብሪካው ብሎን ሲያስር ምን ይሆናል? ኳሱ ሾጣጣው ላይ የሚያርፈው በቀጭን መስመር ብቻ ነው። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው። መስመሩ ላይ ይደቃል፣ ብሎኑም ይላላል። ሹፌሩ ያጠብቀዋል፣ እንደገና ይላላል። ቆይቶ ቀዳዳው እንቁላል ቅርጽ ይይዛል፤ ያኔ ቸርኬው አለቀ ማለት ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። የዳዶውን መቀመጫ በማርከር ቀቡት፣ ቀስ ብላችሁ አጥብቁ፣ ፍቱና እዩት። ቀለሙ ሰፋ ባለ ቀለበት ዙሪያውን ከለቀቀ ተስማምተዋል። ቀጭን ክር የመሰለ ምልክት ብቻ ካያችሁ ዳዶውን መልሱ።

ባለ አንገቱ ዳዶ ሌላም ጣጣ አለው። አንገቱ ከቀዳዳው ጥልቀት ማጠር አለበት። ከረዘመ ጫፉ ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው አካል) ላይ ደርሶ ይቆማል፤ ዳዶው ይጠብቃል፣ ቸርኬው ግን አልተያዘም። ይህ አደገኛ ነው፤ ቁልፉ ላይ ያለው ስሜት ትክክል ስለሚመስል ማንም አይጠረጥርም። የአንገቱ ውፍረትም ከቀዳዳው ጋር መግጠም አለበት፤ ከቀጠነ ቸርኬው ይወዛወዛል።

ርዝመትን መርሳት

አሎይ ከብረት ቸርኬ ይወፍራል። ስለዚህ በዳዶ ሳይሆን ወደ ውስጥ በሚገባ ብሎን የሚታሰሩ እንደ ቮልስ፣ ላዳና መርሴዲስ ያሉ መኪኖች ለአሎይ ረዘም ያለ ብሎን ይፈልጋሉ። ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል ጥርስ ውስጥ መግባት አለበት። በዙር ስትቆጥሩት ለ12 በ1.5 ስምንት ዙር፣ ለ12 በ1.25 አሥር ዙር ያህል ማለት ነው። በአራት ዙር የጠበቀ ብሎን ጎማ ይዟል አይባልም።

ሲረዝምም ችግር ነው። ቮልስ ላይ ብሎኑ የፍሬኑን ታምቡር አልፎ ወደ ውስጥ ከወጣ ፍሬኑን ይነካል። ካሰራችሁ በኋላ መኪናውን በክሪክ አንሱና ጎማውን በእጅ አዙሩ። የሚፋቅ ድምፅ ከሰማችሁ ወደ መንገድ አትውጡ። ጫፉ የተዘጋ፣ የሚያብለጨልጭ ዳዶ የምትወዱም ተጠንቀቁ፤ ብሎኑ ከረዘመ የዳዶውን ጣሪያ ነክቶ ይቆማል፣ ቸርኬው ሳይያዝ ይቀራል።

"ሁለት ሚሊሜትር ምን ታመጣለች"

የላዳ አራት ብሎኖች የተደረደሩት ከዳር እስከ ዳር 98 ሚሊሜትር በሆነ ክብ ላይ ነው። ገበያው ላይ የሞላው አሎይ ግን 100 ነው። በጉልበት ይገባል፤ ብሎኖቹ ግን አጋድለው ይቆማሉ፣ መቀመጫውም በአንድ ጎን ብቻ ያርፋል። እንዲህ የታሰረ ቸርኬ እየላላ ይሄዳል። የቮልስ ባለ አራቱ 130 ስለሆነ ቢያንስ ከሌላ ጋር አይምታታም።

የግራ ጥርስ

የድሮ ዊሊስ ጂፕና የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዶጅ በግራ ጎን ያሉት ብሎኖቻቸው ወደ ተቃራኒው ነው የሚፈቱት። ይህን ሳያውቅ በጉልበት የታገለ ብሎኑን ይሰብራል።

ቶርኖ ቤት ማሠራት

የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ አጥቶ ቶርኖ ቤት መሄድ የተለመደ ነው። የቶርኖ ባለሙያዎቻችን እጅ የሚደነቅ ነው፤ ሥራውን አልጠራጠርም። የምጠራጠረው ብረቱን ነው። የጎማ ብሎን ጠንካራ ብረት ነው፤ ራሱ ላይ ብዙ ጊዜ የጥንካሬው ደረጃ 10.9 ተጽፎበት ታያላችሁ። ከተራ ዘንግ የተቀረጸ ብሎን ልኩ ቢሰምርም ይሳባል፣ ከዚያ ይበጠሳል። ግድ ከሆነ ትክክለኛ ጥንካሬ ያለውን ረጅም ብሎን አግኝታችሁ እንዲያሳጥሩላችሁ አድርጉ። የቸርኬውን ቀዳዳ ማስፋት ግን በፍጹም አይሆንም።

አስተሳሰር

ቸርኬውና ሞዞው የሚገናኙበትን ቦታ ከዝገት አጽዱ። መቀመጫው ላይ ግሪስ አትቀቡ፤ በቅባት የጠበቀ ብሎን ሳይታወቅ ከልኩ በላይ ይሳባል። በእጅ ጀምሩ፣ በመስቀል እያፈራረቃችሁ አጥብቁ፣ መጨረሻውን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ ቁልፍ ጨርሱ። ለኮሮላ 12 በ1.5 ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከነዳችሁ በኋላ እንደገና ፈትሹ። አሎይ ይህን ሁለተኛ ፍተሻ የግድ ይፈልጋል።

ትርፍ ጎማውን መርሳት

አራቱ አሎይ ሆነው ትርፉ የብረት ሆኖ የቀረባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። ማታ አዳማ መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳ የአሎዩ ረጅም ብሎን የብረቱን ቸርኬ አልፎ ፍሬን ውስጥ ይገባል፤ ባለ አንገቱ ዳዶም የብረት ቸርኬ ላይ በትክክል አያርፍም። የድሮዎቹን ብሎኖች ወይም ዳዶዎች አትሽጡ። የአንድ ጎማ የሚሆነውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከክሪኩ ጋር አስቀምጡ።