የስቶር ኪፐር ቃለ መጠይቅ፦ የለየልን ጥያቄ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ላለ መጋዘን ስቶር ኪፐር እየፈለግን ነበር። ችግሩ የሁሉም መልስ አንድ መሆኑ ነው። «ጠንካራ ጎንዎ ምንድን ነው?» ስንል «ታማኝ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ»። ማንን ከማን እንለይ?

መጀመሪያ የጥያቄ ብዛት ጨመርን። ሰዓት በላ እንጂ አልለየም። ቀጥሎ «ቆጠራ ላይ ጉድለት ቢገኝ ምን ያደርጋሉ?» አልን። «ለኃላፊዬ አሳውቃለሁ»። ልክ ነው፤ ግን ማንም ይለዋል።

የሠራልን ያለፈውን መጠየቅ ነው፦ «ቢን ካርዱና መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ያልተስማማበትን አንድ ቀን ይንገሩን።» (ቢን ካርድ የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚመዘገብበት ካርድ ነው።) ከዚያ ዝም ብሎ ማዳመጥ። ሲጨርሱ «በመጀመሪያ ምን አዩ? ማንን ጠየቁ? መጨረሻውስ?» በሥራው ያለፈ ሰው ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ሳይቆረጥለት የወጣ ዕቃ እንዴት እንዳገኘ ይተርካል። ያላለፈበት ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይቆማል።

አዲስ ተመራቂን በዚህ መጣል ግን ግፍ ነው። ለእነሱ ድምሩ የተሳሳተ ቢን ካርድ ሰጥተን ስህተቱን እንዲፈልጉ አደረግን። አማርኛ የከበደው በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ይመልስ።

ጥያቄው ለሁሉም አንድ ይሁን፣ ቅደም ተከተሉም። ጠያቂዎች ሳይመካከሩ በፊት ነጥባቸውን ለየብቻ ይጻፉ።