የድሮ ፋብሪካ ሰፈር ሲቆፈር፦ ከእርሳስ ብናኝ መጠበቂያ

በፊላደልፊያ ከተማ ኬንሲንግተንና ፊሽታውን የእርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ማቅለጫ የነበረባቸው ሰፈሮች ናቸው፤ ዛሬ በፋብሪካዎቹ ቦታ አፓርታማ ይሠራል። ቁፋሮው አፈር ውስጥ የቆየውን እርሳስ ያስነሳል። እርሳስ ስለማይበሰብስ በራሱ አይጠፋም፤ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ትንንሽ ልጆችን ነው።

አጠገባችሁ ቁፋሮ ሲጀመር በዚያ በኩል ያለውን መስኮት ዝጉ፣ ጫማ በር ላይ ይውለቅ። ወለሉንና የመስኮቱን ደፍ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ፤ ደረቅ መጥረጊያ ብናኙን መልሶ አየር ላይ ይበትነዋል። ሄፓ የተባለው ረቂቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ የሌለው የኤሌክትሪክ መጥረጊያም እንዲሁ። ሠራተኞቹ ውሃ ሳያርከፈክፉ ከቆፈሩ ፎቶ አንሱ፣ ቀንና ሰዓቱን ጻፉ፣ ወደ ከተማው የአገልግሎት ስልክ 311 ደውላችሁ አመልክቱ። ዝም አትበሉ።

ጎመን ወይም ቃሪያ ለመትከል ካሰባችሁ አፈሩን አስቀድማችሁ በላብራቶሪ አስመርምሩ። ከ5 እስከ 10 ቦታ፣ ከላይኛው 15 ሴንቲሜትር ቆንጥራችሁ ቀላቅሉ። ከግድግዳ ሥር ያለውን ግን ለብቻው አድርጉት፤ ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት እርሳስ ያለበት ቀለም ሊኖረው ይችላል፣ የሚረግፈውም እዚያ ነው። ውጤቱ ከፍ ካለ መሬቱ ላይ ውሃ የሚያሳልፍ ወፍራም ጨርቅ አንጥፉ፣ 30 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው የእንጨት መደብ ሥሩና ከውጭ በመጣ ንጹሕ አፈር ሙሉት። የድሮ የባቡር ሐዲድ እንጨት ርካሽ ቢሆንም ተዉት፤ ክሪዮሶት የተባለ መርዘኛ ኬሚካል ጠጥቷል።

ልጆችን በ1 እና በ2 ዓመታቸው ደም አስመርምሩ። በዴሲሊትር ደም ውስጥ 3.5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ ከተገኘ ሐኪሙ ክትትል እንዲጀምር ጠይቁ።