የጁፒተርን ጨረቃዎች ምሕዋር ስታሰሉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ተማሪዎች «ስሌቴ ከሰማዩ አልገጠመም» ብለው ሲመጡ፣ ቀመሩን ከማየቴ በፊት ሰዓቱን እጠይቃለሁ። ከቾቄ ተራራ ግርጌ ሆኖ ጁፒተርን በቴሌስኮፕ የተመለከተ አንድ የደብረ ማርቆስ ልጅ በማስታወሻው ላይ «ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብሎ ጽፏል። ኮምፒውተሩ ላይ ያስገባው ግን «ሐሙስ 8:00» ብሎ ነው። ፕሮግራሙ የሚጠብቀው የግሪንዊችን ሰዓት ነው፤ በዚያ አቆጣጠር ያ ቅጽበት ገና ረቡዕ 23:00 ነበር። የ9 ሰዓት ልዩነት! ከጁፒተር ጨረቃዎች አንዷ የሆነችው አዮ ጁፒተርን በ42 ሰዓት ተኩል ስለምትዞር በዚህ ጊዜ ውስጥ 76 ዲግሪ ያህል ትሄዳለች። ልጁ ግን የጁፒተርን መጠነ ቁስ ሲቀያይር ሰነበተ። እባካችሁ፣ ሰዓታችሁን ሳትፈትሹ በደንብ የተለካ ቁጥር አትነካኩ! ገና ስትመለከቱ የግሪንዊችን ቀንና ሰዓት ጎን ለጎን ጻፉ። ይህ ከተስተካከለ በኋላም 69 ሰከንድ ያህል ይቀራል፤ የሰማይ አካላት ሰንጠረዦች የሚሠሩበት ወጥ ጊዜ ከግሪንዊች ሰዓት በዚያን ያህል ይቀድማል። አዮ በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ስለምትጓዝ፣ ይህን መዝለል 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ያሳስታል።

የብርሃንን ጉዞም አትርሱ። ከጁፒተር እኛ ዘንድ ለመድረስ እንደ ርቀቱ ከ33 እስከ 54 ደቂቃ ይወስድበታል፤ ስለዚህ የምናየው ጨረቃዋ የነበረችበትን እንጂ ያለችበትን ቦታ አይደለም። የዴንማርኩ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ኦሌ ሮመር እ.ኤ.አ. በ1676 ብርሃን ለጉዞው ጊዜ እንደሚፈልግ ያሳየው በዚችው በአዮ ግርዶሽ መዘግየት ነው። ይህን የሚያህል ነገር ከስሌት ሲጎድል ሳይ ያሳዝነኛል።

ጁፒተር ፍጹም ድቡልቡል አይደለም። የወገቡ ራዲየስ 71,492 ኪሎ ሜትር፣ የዋልታው 66,854 ነው። ራቅ ብላ ለምትዞረው ጨረቃ ለካሊስቶ ተጽዕኖው ትንሽ ነው፤ የቅርቧ ጨረቃ የአማልቲያ የምሕዋር ጠለል (ምሕዋሩ ያረፈበት ገጽ) ግን በዚህ ምክንያት በቀን 2.5 ዲግሪ ያህል ይዞራል።

አዮ 4 ጊዜ ስትዞር ሌሎቹ ጨረቃዎች ዩሮፓ 2 ጊዜ፣ ጋኒሜድ 1 ጊዜ ይዞራሉ። እንዲህ ተያይዘው እየተሳሳቡ የሚሄዱትን ሦስቱን ለየብቻ ማስላት ለጥቂት ቀናት ያስኬድ ይሆናል፤ ለዓመታት አይሆንም።

ጉዞውን በትንንሽ የጊዜ እርምጃዎች ከፋፍሎ የሚያሰላውን የኦይለርን ቀላል ዘዴ በአንድ ሰዓት እርምጃ የተጠቀመ ሰው አዮ ከዙር ወደ ዙር ከጁፒተር ስትርቅ ያያል። የምትሸሸው ጨረቃዋ ሳትሆን የዘዴው ስህተት እየተጠራቀመ ነው። ቦታንና ፍጥነትን እያፈራረቀ የሚያሰላውን ሊፕፍሮግ የተባለውን ዘዴ ተጠቀሙ፤ የምሕዋሩ ጉልበት በጥቂቱ ይዋዥቃል እንጂ እያደገ አይሄድም። ከዚያ እርምጃውን በግማሽ ቀንሳችሁ እንደገና አስሉ፤ መልሱ በጉልህ ከተለወጠ የመጀመሪያው እርምጃ ረዝሞ ነበር ማለት ነው።