መርፌውን ከመጀመራችሁ በፊት የትኛውን ፕሮቲን እንደሚያግድ ጠይቁ

የመገጣጠሚያ ሕሙማን በሚታከሙበት ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ሐኪሙ አዲስ መድኃኒት ካዘዘ በኋላ ታካሚው ወደ እኔ ክፍል ይመጣል፤ አወጋጉን አሳየዋለሁ፣ የሚጠይቀው ካለው እመልሳለሁ። «ሲስተር፣ ይሄ መድኃኒት ጥሩ ነው?» የማይለኝ የለም። እኔም መልሼ «ምኑን እንደሚያግድ ነግረውዎታል?» እላለሁ። የመድኃኒቱን ስም አሳምሮ የሚጠራ ሰው እንኳ እዚህ ላይ ዝም ይላል። ስሙ ቢረሳ ካርዱ ላይ ተጽፏል። የሚያግደውን ፕሮቲን ያወቀ ታካሚ ግን አስቀድሞ ምን መመርመር እንዳለበት፣ ምን ሲሰማው መደወል እንዳለበት፣ የትኛው የላቦራቶሪ ውጤት ሊያታልለው እንደሚችል ግማሹን ራሱ ይደርስበታል።

ፕሮቲኖቹ ሳይቶካይን ይባላሉ። በአብዛኛው የሚያመነጯቸው ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ከአንዱ ሴል ወጥተው ሌላው ላይ ባለ መቀበያ ሲያርፉ ያ ሴል ይነቃል፤ ይባዛል፣ ሌሎችን ይጠራል፣ እሱም በተራው ሳይቶካይን ያመነጫል። ጤነኛ ሰውም ያለ እነሱ አይሆንለትም። ጉንፋን ሲይዘን ትኩሳቱንና ድካሙን የሚያመጡት፣ የምግብ ፍላጎታችንን የሚዘጉት እነሱ ናቸው፤ ሥራው ሲያልቅ መጠናቸው ይወርዳል። ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለው ሥር የሰደደ የመገጣጠሚያ በሽታ ባለበት ሰው ላይ ግን አይወርድም። የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ፈሳሽ ይቋጥራል። ልም አጥንቱን የሚያሟሙ ኢንዛይሞች ይመነጫሉ፤ አጥንት የሚበሉ ሴሎችም ይነቃሉ። ራጅ ላይ የጣት አጥንት ጠርዝ ተቦርቡሮ የሚታየው በዚህ የተነሳ ነው።

ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ወደ ሳይቶካይኖቹ አይደርሱም፤ የሚቀንሱት ሕመምና እብጠት የሚያባብሰውን ፕሮስታግላንዲን ነው። ስለዚህ ሕመሙ ጋብ ብሎም አጥንቱ መበላቱን ሊቀጥል ይችላል። ፕሬድኒሶሎን ብዙዎቹን ሳይቶካይኖች በአንድ ጊዜ ያወርዳል፤ በጥቂት ቀን «ዳንኩ» የሚያሰኘው ለዚህ ነው። ግን ሌላም ብዙ ነገር ይነካል፤ ሲቆይ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ያወጣል፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ለሩማቶይድ የሕክምናው መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ሜቶትሬክሴት ነው፤ ከፎሊክ አሲድ ጋር ይታዘዛል። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ይህን ሳልደግም ከክፍሌ የማስወጣው ሰው የለም፤ ተሳስቶ በየቀኑ መውሰድ ይገድላልና። ቀኑን ቆርጣችሁ፣ «ሰኞ» ወይም «ዓርብ» ብላችሁ ካርቶኑ ላይ ጻፉት።

ሜቶትሬክሴት ብቻውን ሳይበቃ ሲቀር ነው አንዱን ሳይቶካይን ለይተው ወደሚያግዱት መድኃኒቶች የሚኬደው።

የትኛው ፕሮቲን ለየትኛው በሽታ

ቲኤንኤፍ የሚባለውን ሳይቶካይን ሳታውቁ አትቅሩ። ለንደን ውስጥ ተመራማሪዎቹ ማርክ ፌልድማንና ራቪንደር ማይኒ ከሩማቶይድ ሕሙማን መገጣጠሚያ የተወሰዱ ሴሎችን ሲያጠኑ፣ ቲኤንኤፍ ሲታገድ ኢንተርሉኪን 1 የሚባለው ሌላ ሳይቶካይንም አብሮ እንደሚወርድ አዩ። ብዙዎች በዚያን ጊዜ «ሳይቶካይኑ ብዙ ነው፣ አንዱን ማገድ ምን ይረባል» ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ቲኤንኤፍን የሚያግደውን ኢንፍሊክሲማብን ወሰዱና ጥርጣሬው ተፈታ። በ1998 ኢታነርሰፕት ለሩማቶይድ ተፈቀደ፤ አዳሊሙማብ በ2002 መጨረሻ ተከተለ። እነዚህ መድኃኒቶች ለሩማቶይድ ብቻ ሳይሆን ለአከርካሪ አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይተስና ሶርያሲስ ከተባለው የቆዳ በሽታ ጋር ለሚመጣው የመገጣጠሚያ በሽታም ይሠራሉ።

ኢንተርሉኪን 6ን በመለየትና በማጥናት ስማቸው የሚነሳው ጃፓናዊው ታዳሚትሱ ኪሺሞቶ ናቸው፤ መድኃኒቱ ቶሲሊዙማብ ነው። የሩማቶይድ ሕመምተኛ ደም ውስጥ ይህ ፕሮቲን ወደ ንጋት ላይ ከፍ ይላል፤ ጠዋት ጣት አልታጠፍ ከሚልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ብረት ከማከማቻው እንዳይወጣ ስለሚያደርግም የደም ማነስ ያመጣል። «ብረት እየወሰድኩ ደሜ አልሞላ አለ» የሚሉኝን ሳይ መገጣጠሚያቸውን አስቀድሜ እመለከታለሁ።

ሪህ ላይ ዋናው ኢንተርሉኪን 1 ነው። የዩሪክ አሲድ ክሪስታል መገጣጠሚያ ውስጥ ሲከማች ነጭ የደም ሴሎች ይውጡትና ኢንተርሉኪን 1 ቤታን ይለቃሉ፤ የእግር አውራ ጣት በአንድ ሌሊት ቀልቶ አንሶላ እንኳ አላስነካ የሚለው ያኔ ነው። ለአብዛኛው ሰው ኮልቺሲን፣ ፀረ ብግነት ክኒን ወይም አጭር የፕሬድኒሶሎን ኮርስ ይበቃዋል። እነዚህን መውሰድ ለማይችል ሰው ኢንተርሉኪን 1ን የሚያግዱት አናኪንራና ካናኪኑማብ አሉ። ዩሪክ አሲዱን ራሱን ግን አያወርዱም፤ እሱን የሚያወርደው የአሎፑሪኖሉ ቦታ እንዳለ ነው።

ኢንተርሉኪን 17 የአከርካሪና የሶርያሲስ ነገር ነው፤ ሴኩኪኑማብ ያግደዋል። ሩማቶይድ ላይ ይህን ያህል አልረዳም። ኢንተርሉኪን 23ን ማገድ ደግሞ ለሶርያሲስ ቆዳና መገጣጠሚያ ይሠራል፣ አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይተስ ላይ ግን ሲሞከር አልተሳካም። ሉፐስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ፣ ውስጥ የሚገነው ዓይነት አንድ ኢንተርፌሮን የተባለው ሳይቶካይን ነው፤ የሚያግደው አኒፍሮሉማብ እ.ኤ.አ. በ2021 ተፈቅዷል። ጭራሽ የቲኤንኤፍ ማገጃ አንዳንድ ሰው ላይ ሉፐስ የሚመስል ሽፍታ ያስከትላል። እንግዲህ «እህቴን ያዳናት መርፌ ለእኔም ይሰጠኝ» ስትሉ በሽታው ያው መሆኑን ጠይቁ። ሁሉም ቁርጥማት አንድ አይደለም።

ክኒን የሆኑትም አሉ፤ ቶፋሲቲኒብ፣ ባሪሲቲኒብ፣ ኡፓዳሲቲኒብ። እነዚህ ሳይቶካይኑን ደም ውስጥ አይይዙትም። መልእክቱ ሴሉ ውስጥ ሲገባ የሚያስተላልፈውን ጃክ የተባለ ኢንዛይም ያግዳሉ፤ ስለዚህ የኢንተርሉኪን 6ንም የኢንተርፌሮንንም ሥራ ባንዴ ያዳክማሉ። መርፌ የሚፈራ ሰው ክኒን ሲባል ቀለል ያለ ይመስለዋል። አይደለም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2021 ስለ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ ስለ ስትሮክ፣ ስለ ደም መርጋትና ስለ ካንሰር ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አውጥቶባቸዋል፤ የምታጨሱ፣ ዕድሜያችሁ የገፋ ወይም የልብ ችግር ያለባችሁ ይህን ሳታነሱ አትቀበሉ። አልማዝ ባለጭራም በእነዚህ ክኒኖች ይበረታል፤ በአንድ ጎን ብቻ የሚያቃጥል ሽፍታ ሲወጣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ከመጀመሪያው መርፌ በፊት

የቲቢ ምርመራ። ብዙ ሰው «አልሳልኩም፣ ለምን እመረመራለሁ» ይላል። የቲቢ ባክቴሪያ ሳይታወቅ ገብቶ ሳንባ ውስጥ ተኝቶ ሊኖር ይችላል፤ ነጭ የደም ሴሎች ዙሪያውን እንደ አጥር ቆመው ይዘውታል። ያንን አጥር አጽንቶ የሚይዘው ደግሞ ቲኤንኤፍ ነው። ቲኤንኤፍን ስናግድ አጥሩ ይላላል። በኢንፍሊክሲማብ ላይ የነበሩ ሰዎች ቲቢ እንደተነሳባቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ከተዘገበ ወዲህ የቆዳ ወይም የደም ምርመራና የደረት ራጅ ሳይታይ አይጀመርም። የተኛ ቲቢ ከተገኘ መርፌው ቀረ ማለት አይደለም፤ የመከላከያ መድኃኒቱን ቢያንስ አንድ ወር ወስዳችሁ ትጀምራላችሁ፣ ኮርሱንም ትጨርሳላችሁ። ፕሬድኒሶሎን እየወሰዳችሁ ከሆነ ለመርማሪው ንገሩ፤ ቲቢው እያለ ምርመራውን «ነጻ» ሊያስመስለው ይችላል።

ሄፓታይተስ ቢም እንዲሁ ተኝቶ የሚነሳ ስለሆነ የደም ምርመራው የግድ ነው። ከዚህ በፊት ልባችሁ በጽኑ ተዳክሞ ከነበረ ወይም መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የነርቭ በሽታ ካለባችሁ ወይም ከቤተሰብ ሰው ካለበት፣ የቲኤንኤፍ ማገጃ ከመታዘዙ በፊት ተናገሩ። የአንጀት ቁስለት በሽታ፣ ክሮንን የመሰለ፣ ካለባችሁ ኢንተርሉኪን 17 ማገጃ ሊያባብሰው ይችላል። እንደ ኩፍኝና ቢጫ ወባ ያሉ ሕያው ክትባቶች ከተጀመረ በኋላ አይሰጡም፤ የሚያስፈልጓችሁ ከሆነ ቀደም አድርጉ። የጉንፋንና የሳንባ ምች ክትባት ግን በማንኛውም ጊዜ ይሰጣል። እርግዝና ያሰባችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ሜቶትሬክሴት ቀድሞ መቆም አለበት፣ ከማገጃዎቹ መካከል ግን በእርግዝና ጊዜ ሊቀጥሉ የሚችሉ አሉ።

ሁለት ማገጃ አንድ ላይ አይወሰድም። ኢታነርሰፕትና አናኪንራ ተጣምረው ተሞክረዋል፤ ጥቅሙ አልጨመረም፣ ከባድ ኢንፌክሽኑ ጨመረ።

አወጋጉ

አዳሊሙማብን እንውሰድ፤ የተለመደው መጠን 40 ሚሊግራም በየሁለት ሳምንቱ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይደለም። አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይወጋም፤ ፕሮቲን ነውና ይበላሻል። በዚሁ ምክንያት አይናጥም፣ ሙቅ ውሃ ውስጥም አይነከርም። ከመወጋታችሁ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ጠረጴዛ ላይ አውጡት። እንደቀዘቀዘ ሲገባ ነው ይበልጥ የሚያመው፤ «መርፌው ያቃጥላል» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው።

በመወጊያ ብዕሩ ላይ ባለው መስኮት ፈሳሹን እዩ። ጥርት ያለ መሆን አለበት፤ ከደፈረሰ ወይም ብናኝ ከታየበት መልሱት። ቦታው የጭኑ ፊት ወይም ከእምብርት 5 ሴንቲ ሜትር ራቅ ያለ የሆድ ቆዳ ነው፤ በየጊዜው አቀያይሩ፣ ጠባሳ፣ ሰምበርና የቀላ ቆዳ ላይ አትውጉ። አልኮሉ ራሱ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ እፍ አትበሉበት። ክዳኑን ንቀሉ፣ ብዕሩን ቀጥ አድርጋችሁ ቆዳው ላይ ተጫኑ፣ ቁልፉን ጫኑ። «ቀጭ» ሲል ብዙ ሰው አለቀ ብሎ ያነሳዋል፤ መጀመሩ ነው። መስኮቱ በቀለም እስኪሞላ ድረስ፣ ቀስ ብላችሁ እስከ 10 እየቆጠራችሁ ያዙት። ካነሳችሁ በኋላ አታሹት። ጣቶቹ በበሽታው የተጎዱ ሰው ቁልፉን በመዳፉ ወይም በሌላኛው እጁ አውራ ጣት መጫን ይችላል፤ ካልሆነለትም የቤት ሰው አብሮት ይምጣና አሠለጥነዋለሁ።

ትኩሳት ካላችሁ፣ አንቲባዮቲክ ከጀመራችሁ ወይም የሚመግል ቁስል ካለ የዚያን ቀን መርፌ አትውጉ፤ ደውሉ። ቀዶ ሕክምና ከተቀጠረላችሁም የመጨረሻው መርፌ ቀን መታወቅ አለበት። ፕሬድኒሶሎንን ግን በራሳችሁ በድንገት አታቁሙ።

መሥራቱን እንዴት ታውቃላችሁ

የሚጠበቀው ሦስት ወር ያህል ነው። በየሳምንቱ አንድ ቀን ጠዋት የመገጣጠሚያዎቻችሁ መተሳሰር ስንት ደቂቃ እንደቆየና የትኞቹ መገጣጠሚያዎች እንዳበጡ ጻፉ። እኛ ስንቆጥር 28 መገጣጠሚያ እንነካለን፤ የምንጫነው የራሳችን አውራ ጣት ጥፍር ነጣ እስኪል ነው። በቤታችሁም እንደዚሁ ሞክሩት፤ ከዚያ በላይ ከተጫናችሁ ጤነኛውም ያምማል።

ቶሲሊዙማብ የምትወስዱ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ብግነት ወይም ኢንፌክሽን መኖሩን የሚጠቁመው፣ ሲአርፒ የሚባለው የደም ምርመራ የሚያሳየው ፕሮቲን የሚሠራው ጉበት ውስጥ ነው፤ ጉበቱ እንዲሠራው የሚያዘው ደግሞ ኢንተርሉኪን 6 ነው። ትእዛዙ ሲታገድ ሲአርፒው ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ መገጣጠሚያው አብጦም፣ ሳንባ ምች ይዟችሁም ሊወርድ ይችላል። ትኩሳቱም ለስለስ ሊል ይችላል። ስለዚህ ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ «ሲአርፒዎ ንጹሕ ነው፣ ይሂዱ» ከተባላችሁ የምትወስዱትን ተናገሩ፤ እንዲያው በቀጥታ «ኢንተርሉኪን 6 ማገጃ ላይ ነኝ፣ ሲአርፒ አያሳይም» በሉ። ከባድ የሆድ ሕመምም ችላ አይባልም፤ በዚህ መድኃኒት አንጀት የመበሳት አደጋ፣ ጥቂት ቢሆንም፣ አለ። ነጭ የደም ሴል፣ የጉበት ምርመራና ኮሌስትሮል በየጊዜው ይታያሉ።

ሦስት ወር አልፎ ለውጥ ከሌለ ሁለቱን ለዩልኝ። ከመጀመሪያውም ምንም ካልሠራ፣ በሽታችሁን የሚነዳው ሌላ ፕሮቲን ሊሆን ስለሚችል ወደ ሌላ ዓይነት ማገጃ መሄድ ያስኬዳል። ሠርቶ ሠርቶ ከደከመ ግን ሰውነታችሁ መድኃኒቱን የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል ሠርቶበት ይሆናል፤ ያኔ ያንኑ ፕሮቲን የሚያግድ ሌላ መድኃኒትም ሊሠራ ይችላል። «መርፌ ከጀመርኩ ሜቶትሬክሴቱ ምን ያደርግልኛል» ብሎ የሚተወው ብዙ ነው። አዳሊሙማብና ኢንፍሊክሲማብ ላይ ያ ፀረ እንግዳ አካል እንዳይበዛ የሚያግዘው እሱ ነው፤ ሐኪሙ ካላቆመው አታቁሙት።

ደኅና ሆናችሁ ወራት ካለፉ መቀነስ ይቻላል፤ ቅደም ተከተል ግን አለው። መጀመሪያ የሚወርደው ፕሬድኒሶሎን ነው። እሱ ቆሞ ቢያንስ ስድስት ወር በሽታው ካልተነሳ የመርፌው ርቀት ይሰፋል፤ ለምሳሌ ከሁለት ሳምንት ወደ ሦስት። በአንድ ጊዜ የሚያቆሙ ሰዎች ላይ በሽታው ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ስለዚህ ርቀቱን ባሰፋችሁ ቁጥር የጠዋቱን ደቂቃ መጻፉን አትተዉ፤ እየጨመረ ከሄደ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ኑ።