ቅኔውን የት እናስቀምጠው? የራስን ድረ ገጽ ከባዶ መሥራት

ከሦስት ዓመት በፊት ፌስቡክ ላይ የጻፉትን አንድ ጥሩ ጽሑፍ እስኪ አሁን ፈልገው ያግኙት። ብዙ ሰው አያገኘውም። ጽሑፉ ባይጠፋ እንኳ ከሠርግ ፎቶና ከፖለቲካ ንትርክ ሥር ተቀብሯል።

ጎጃም ላይ ይህ ነገር በተለይ ያስቆጫል። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር ነው። ቅኔ በዕለቱ ይዘረፋል እንጂ አይደገምም፤ የሰማ ሰው ካልያዘው እዚያው ማኅሌት ላይ ይቀራል። አሁን አሁን ወጣቱ በስልኩ እየቀዳ፣ በደብተሩ እየጻፈ መያዝ ጀምሯል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይለጥፈዋል፣ ወዳጅ ዘመዱ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ይልበታል፣ በሳምንቱ ማንም አያነሳውም።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። መድረኩ የኩባንያው ነው፤ ሲፈልግ ደንቡን ይለውጣል፣ ሳያዋጣው ሲቀርም ይዘጋዋል። ጎግል ፕላስ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲዘጋ የተጠቃሚዎቹ ጽሑፍና ፎቶ አብሮ ተሰርዟል። የራስዎ ድረ ገጽ ግን በእጅዎ ያሉ ጥቂት ፋይሎች ማለት ነው፤ አንዱ ቦታ ሲዘጋ ወስደው ሌላው ላይ ያስቀምጧቸዋል።

ከዚህ በታች የአጎቱን የየኔታን ቅኔዎች ለሚያሰባስብ አንድ የደብረ ማርቆስ ወጣት በሚሆን መልኩ ልንገርዎ። የዳንግላ ንብ አርቢም ሆኑ የቢቸና መምህር፣ ሥራው አንድ ነው።

መጀመሪያ፦ አንድ ጉዳይ ይምረጡ

«ስለ ሁሉም ነገር» የሚል ድረ ገጽ አይሠራም፤ ብዙውን ጊዜ ከመግቢያው ገጽ ሳያልፍ ይቀራል። የየኔታ ቅኔዎች፣ የንብ አርቢው የዓመት ሥራ፣ የአንድ ወረዳ የድሮ ፎቶዎች፤ ይህን ያህል ጠባብ ይሁን። ሦስት ገጽ ይበቃል፦ መግቢያ፣ ዋናው ስብስብ፣ እና እርስዎ ማን እንደሆኑ የሚናገር አጭር ገጽ። የሌላ ሰው ሥራ ከሆነ ባለቤቱን ያስፈቅዱ። የኔታ «ይህኛው ይቅር» ካሉ ይቅር።

ጽሑፉን ያለ ኢንተርኔት ያዘጋጁ

ይህ ደረጃ ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ መውሰድም አለበት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ የሚረሳ የለም። በፋይል የሚሠራ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜም ሥራው አይቆምም፤ ቀድሞ የጫነውም ውጭ አገር ባለ ኮምፒውተር ላይ ስለሚቀመጥ ለሌላው ዓለም እንደተከፈተ ይቆያል።

ለእያንዳንዱ ቅኔ አንድ ገጽ ይስጡ። ከላይ ግዕዙን፣ ከሥሩ የአማርኛ ትርጉሙን፣ ቀጥሎ ሰሙንና ወርቁን፣ በመጨረሻም ማን፣ የት ደብር፣ በየትኛው በዓል፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተቀኘው። ይህ የመጨረሻው መስመር ፌስቡክ ላይ ሁልጊዜ የሚዘለለው ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለሚመጣ ተመራማሪ ግን ከቅኔው እኩል ዋጋ አለው። ሆሄያቱን ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይይልዎ፤ የስልክ መተየቢያ እሳቱን ሰና ንጉሡን ሠ እንዲሁም ሦስቱን ሀ ለይቶ አያርምልዎትም።

አንድ ወጥመድ አለ። በድሮው የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተተየበ ሰነድ ካለዎት፣ እሱን ገልብጠው ድረ ገጽ ላይ ቢያስቀምጡት የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ ይወጣል። የኢትዮጵያ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ኮድ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በዩኒኮድ ያልተተየበ ጽሑፍ መለወጥ ወይም እንደገና መተየብ አለበት። ዛሬ በስልክዎ የሚተይቡት አማርኛ ግን ዩኒኮድ ስለሆነ አያስቸግርዎትም።

ገጹን ይጻፉ

ሰው የሚፈራው ይህን ነው፤ ሊፈራ የሚገባው ግን አይደለም። ቲም በርነርስ ሊ በስዊዘርላንዱ የሰርን የምርምር ማዕከል ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ የከፈተው የመጀመሪያው ድረ ገጽ ርዕስ፣ አንቀጽና ሊንክ ብቻ ነበር። ያኔ የተጻፈበት ኤችቲኤምኤል የተባለው የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ ዛሬም በማንኛውም ስልክ ይነበባል። የእርስዎም ከዚያ ብዙ አይበልጥም።

ኮምፒውተር ላይ ኖትፓድን ይክፈቱ፤ ወርድ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከርዕሱ በፊት በማዕዘን ቅንፍ (< >) ውስጥ የላቲኗን ኤች ፊደልና 1 ቁጥርን ይጻፉ፤ ከርዕሱ በኋላ ያንኑ ይድገሙና ከኤች በፊት እዝባር (/) ይጨምሩ። አንቀጽ በፒ ይከፈታል፣ በእዝባር ፒ ይዘጋል። ለቅኔ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምልክት ያስፈልግዎታል። ኤችቲኤምኤል የመስመር መሰበርን አያከብርም፤ ጉባኤ ቃና የተባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት መሆኑን ስለማያውቅ አንድ ላይ አስተካክሎ ያስኬደዋል። በእያንዳንዱ ቤት መጨረሻ ላይ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ቢና አርን ያስገቡ፤ ያኔ ስምንት ቤት ያለው መወድስም በስምንት መስመር ይቆማል።

ከገጹ አናት ላይ ሁለት መስመሮች የግድ ያስፈልጋሉ፦ አንዱ ፊደሉ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ መሆኑን የሚናገር፣ ሌላው ገጹ በስልክ ስፋት ልክ እንዲሆን የሚያደርግ። የመጀመሪያው ከሌለ አማርኛው የተዘበራረቀ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ከሌለ አንባቢው ጽሑፉን በጣቱ እየለጠጠ ነው የሚያነበው። ሁለቱንም የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ ካዘጋጀው ነፃ የመማሪያ ገጽ መገልበጥ ይችላሉ።

የመግቢያው ፋይል ስም index.html ይሁን፣ በትናንሽ የላቲን ፊደላት። የሌሎቹንም ስም ያለ ክፍት ቦታ በላቲን ፊደል ይስጡ። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ይሠራል፤ ነገር ግን አድራሻው ተገልብጦ ቴሌግራም ላይ ሲላክ በፐርሰንት ምልክት የተሞላ ረጅም ገመድ ይሆናል።

ፎቶ ካለ ያሳንሱት። ስልክ ያነሳው አንድ ፎቶ በርካታ ሜጋባይት ሊመዝን ይችላል፤ ከ200 ኪሎባይት በታች ቢያወርዱት ሰከላ ላይ ሆኖ በደካማ ኔትወርክ የሚከፍተው ሰው ያመሰግንዎታል። ፎቶው ውስጥ የተነሳበት ቦታ መረጃ ተደብቆ ሊኖር ስለሚችል ከመጫንዎ በፊት ያጥፉት።

ቦታ ይፈልጉለት

ኒዮሲቲስ የተባለው አገልግሎት ያለ ማስታወቂያ 1 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል። ጽሑፍ ብቻ ለያዘ ድረ ገጽ ይህ የማያልቅ ቦታ ነው። አካውንት ከፍተው ፋይሎቹን መጎተት ብቻ ነው፤ እዚያው ገብቶ ማረምም ይቻላል። ጊትሃብ ፔጅስም ነፃ ነው፤ ትንሽ መማር ይጠይቃል። ኮድ መንካት ፈጽሞ ካልፈለጉ ዎርድፕረስ አለ፤ በነፃው ላይ የእነሱን ማስታወቂያ መታገሥ ይኖርብዎታል።

ነፃ ቦታም የሰው ቦታ መሆኑን አይርሱ። ያሁ የተባለው ኩባንያ ነፃ የድረ ገጽ ቦታ ይሰጥ የነበረውን ጂኦሲቲስን እ.ኤ.አ. በ2009 ሲዘጋው እጅግ ብዙ የግል ድረ ገጾች ከአድራሻቸው ተነቅለዋል። ስለዚህ ዋናው ቅጂ በእርስዎ ኮምፒውተርና በአንድ ፍላሽ ላይ ይኑር፤ ፍላሹም ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ ቦርሳ አይዙር።

ስም መግዛት

ለመጀመር አያስፈልግም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራውን እንደማይተዉት ሲያውቁ ግን የራስዎን አድራሻ ይግዙ፤ ፋይሎቹ የተቀመጡበትን አገልግሎት ቢቀይሩም አድራሻው አብሮዎት ይሄዳል። ዶት ኮም የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ለብዙዎቻችን እንቅፋት ነው። በዶት ኢቲ የሚያልቀውን አድራሻ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ በብር ይከፈላል። አንድ ነገር አደራ፦ ምዝገባው በእርስዎ ስምና ኢሜይል ይሁን። «እኔ እጨርስልሃለሁ» ያለው ባለሙያ በራሱ ስም ካስመዘገበው፣ ከተጣላችሁ ወይም አገር ከለቀቀ አድራሻው የእሱ ነው።

ሰው እንዴት ያገኘዋል?

ፌስቡክንና ቴሌግራምን ዝጉ የሚሉ አሉ፤ እኔ አልልም። ሰው ያለው እዚያ ነው። ቅደም ተከተሉን ብቻ ይለውጡ፦ ሙሉው ቅኔ በመጀመሪያ ድረ ገጽዎ ላይ ይውጣ፣ ቴሌግራም ላይ የመጀመሪያውን ቤትና ሊንኩን ያስቀምጡ። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሰዎችን ድረ ገጽ በእርስዎ ላይ ይዘርዝሩ፣ እነሱም የእርስዎን ይዘርዝሩ፤ ጎግልም አዲስ ገጽን ከሚያገኝባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

አድራሻውን ወደ ኢንተርኔት አርካይቭ ሄደው ያስገቡት፤ የገጹን ቅጂ በነፃ ያስቀምጥልዎታል። ገጹን ባደሱ ቁጥር ይህን ይድገሙት፤ ከገጹ ግርጌም የታደሰበትን ቀን ይጻፉ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑን ጨምረው።